ለመምህርቴ ጓሮ የሰጠሁት ደለል

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ስፖንጁ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ ይንጠባጠባል። እኔ ቦዩ ዳር፣ ድንጋዬ ላይ። ደብተሬ፣ እጄ ስላልደረቀ ገጽህ ቢጨማደድ አትቆጣ።

የዛሬው ከደሴ የመጣ የሚኒባስ ወንበር ነው። ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ሆድ ዕቃውን አወጣሁ፣ ቦዩ ውስጥ ከትቼ በእግሬ ረገጥኩት። የስንቱ ተሳፋሪ ላብ ወጣው! ብናኙ ቢጫ በረዶ መስሎ በውሃው ላይ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሲደርቅ ሚስቴ ከዲጃ በመቀስ ትከትፈዋለች፣ እኔ ትራስ እሞላለሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ካለ በይመር ትራስ ነው። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው። ቶሎ ቶሎ የምለው ግን እኔ ነኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው እጽፋለሁ። አምና በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ዘንድሮ የማታ ት/ቤት ጨርሼ እያሳጠርኩ ሁሉ እጽፋለሁ፦ መ/ርት፣ ወ/ሮ፣ ከሰ.። ማሳጠር የተማረ ሰው ምልክት ነው። ያልተማረ ሁሉንም ይዘረዝራል።

ያስተማረችኝ መ/ርት ሰናይት ናት፣ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ። ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት እስኪያቅታት ድረስ አስተማረችን። ጠመኔ ሲወድቅባት የማነሳላት እኔ ነበርኩ፤ ረዳት መምህር ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሰሞኑን ሴት ልጅ ወለደች። የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው፣ ከአጥራችን ማዶ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ሄድኩ። አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አደረግኩ። እትዬ ብርቄ ሳቁ፣ ሰናይት ስፌቱ ያመኛል ተወኝ አለች። ሕፃኗ ግን አየችኝና አዛጋች። ጨዋታዬን የናቀች የመጀመሪያዋ ሰው።

ምን ልስጣት? ፊደል የሰጠችኝን ሴት በሳሙና ነው እንዴ የማመሰግናት? አስባለሁ።

ያው ቀን፣ ከሰ.

ቦቲ ጫማ ያደረገች ልጅ መጣች። ሂሩት ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ነች፣ የከተማውን ቦይ ውሃና ደለል ትመረምራለች። ጭቃውን በማንኪያ ዛቅ ታደርጋለች፣ ጠርሙስ ውስጥ ትከታለች፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ትጠቀልላለች፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ለጭቃ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

መሪ ሆንኳት። ከላይ ከጋራዦቹ ጀምሬ ታች ሐይቁ አፍ ድረስ አስጎበኘኋት። እኔ በር ስንደርስ ከዚህም ጨምሪ፣ ከሁሉም ጥቁሩ ይኼ ነው አልኳት። ስፖንጁን ጠየቀችኝ። ያቺን ትርኢቴን አሳየኋት፦ ክብሪት ጫርኩ፣ ቁራጩ ላይ ያዝኩ፣ እሳቱ ትንሽ ልሶት ጠፋ። «የይመር ትራስ እሳት አይበላውም!» ገበያተኛው ሁሉ የሚያጨበጭብባት ናት። እሷ አላጨበጨበችም። ቁራጩን ልውሰደው? አለች። ውሰጂው አልኩ። ዝናዬ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ። ከአስር ሶላት በኋላ

ወገቤ! ግን ምን ያለ ቀን ነበር።

ዛሬ የቦይ ደቦ ነበረ። ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ ሰፈሩ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል፣ እስላም ክርስቲያኑ። የሚወጣው ደለል የትም አይጣልም። ጥቁር ነው፣ ሲይዙት ቅባት ቅባት ይላል፣ ጓሮ ላይ ሲደፋ የሚያበቅለው ጎመን ያስደነግጣል። ደንብም አለው፦ ምርጡ መጀመሪያ ለአራስ ቤት ይሰጣል። ቀጥሎ ለአቅመ ደካማ። የተረፈውን ሌላው ይሻማል።

ምርጡ የት እንዳለ ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ከራሴ በር ፊት ቆፈርኩ። አካፋው ሲገባ ድምፅ እንኳ አያሰማም፣ እንደ ቅቤ። ሌላ ሰው እንዳይነካው ተቆጣሁ። ይኼ የመምህርቴ ነው አልኩ፣ ለሁሉም አስታወቅኩ፣ ለአላፊ አግዳሚውም አስታወቅኩ። በእጅ ጋሪ እየገፋሁ የእትዬ ብርቄን ጓሮ አለበስኩት። ሌሎቹ አገዙኝ፣ እኔ ግን የበለጠ ገፋሁ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። «አፈር ስሆን ይመር፣ ይኼን ሁሉ ለኛ?» አፈሩን አምጥቻለሁ፣ እርስዎ ሌላ ነገር ይሁኑ አልኳቸው። ደቦው በሙሉ ሳቀ። ሰናይት በመስኮት አንገቷን አውጥታ አመሰገነችኝ። እኔን! መምህርቴ እኔን። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ።

ሽማግሌው ሼህ ዱዓ አደረጉ፣ እነ እትዬ ብርቄም አሜን አሉ። ጌታዬ፣ ለዚች ቀን ምስጋና ይግባህ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሰሞኑን አልጻፍኩልህም። ሥራ በዝቶ ነው። ዝነኛ ሰው ጊዜ የለውም።

የሰናይት ጓሮ! ቆስጣው ሰውን ያቅፋል። መንገደኛ ቆሞ ምን አድርጋችሁበት ነው ይላል፣ እኔ ሳልጠራ ከቤቴ ወጥቼ እመልሳለሁ። የእትዬ ብርቄ ዶሮዎች ደግሞ ከዚያ ጥቁር አፈር ላይ ተነስተው አያውቁም። ሲጭሩ ይውላሉ፣ ትሉ ወፍራም። የዕንቁላሉ አስኳል ብርቱካን ሆኗል። አራሷ ጠዋት ጠዋት የምትበላው እሱን ነው። ጡቷ ሞልቶ ሕፃኗ ጉንጭ በጉንጭ ሆናለች። አሁንም ስታየኝ ታዛጋለች።

እትዬ ብርቄ ለክርስትናው ከዶሮዎቹ ደልደል ያሉትን ለይተዋል፣ የእስላም ድርሻ ብለው። በቢስሚላህ የማርደው እኔ ነኝ፣ ምጣዱም ድስቱም ለብቻው፣ እንደ ወትሮው። ከወዲሁ ቢላ እየሳልኩ ነው። ከዲጃ ክርስትናው ገና ነው ትለኛለች። ምስጋና አይቸኩልም እንዴ?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ። ከሰ.

ሂሩት ተመልሳ መጣች። ቦቲ የለም፣ ሳጥን የለም። ድንጋዬ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ቆምኩ። «ጋሼ ይመር፣ ለባለ ቢሮዎቹ ከመናገሬ በፊት ለእርስዎ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለች። ለዚህ ብቻ አላህ ይስጣት።

የገባኝን ያህል ልጻፍልህ። የመኪና ወንበርና የሶፋ ስፖንጅ ሲሠራ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ኬሚካል ይጨመርበታል። የኔ ክብሪት የሚጠፋው ለዚያ ነው። ስፖንጁ ሲያረጅ፣ ሲታጠብ፣ ሲከተፍ፣ ኬሚካሉ ይለቃል። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደለሉ ላይ ይተኛል፣ ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣ አይበሰብስም። የሚወደው ስብ ነው። ትሉ ጋ ይገባል፣ ዶሮዋ ትሉን ትበላለች፣ ከዚያ አስኳሉ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰው። ከእናት ወደ ጡት ወተት። ዛሬ በልቶ ነገ የሚወድቅ የለም አለች፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠራቀመው። ለሕፃናት ዕድገትና አእምሮ ግን ያሰጋል።

ከጋራዦቹም ይመጣል፣ ከቴሌቪዥን ጠጋኞቹም ይመጣል፣ ብቻዎን አይደሉም አለችኝ። ደግ ልጅ ነች። ግን ከለካችው ሁሉ የበዛው በኔ በር ላይ ነው።

በዕድሜዬ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ቀልዱን አልኩት። ማንም አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ስለ ደለሉ ጠየቀችኝ፣ ካለፈው ደቦ የወጣው የት ደረሰ?  በጣቴ አጥሩን አሳየኋት። ከአጥሩ ማዶ ዶሮዎቹ ይጭራሉ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሥራ የለም። ስፖንጅ አልነካሁም።

የሠላሳ ዓመት ሙያ ቆሞ ያየኛል። አንድ ዓይነት ንዴት አለብኝ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። ወንበሩን ከሠራው? ከውጭ ካስገባው? ወንበር የሠራው ሰው ሐይቅን በካርታ ላይ እንኳ አያውቃትም። እኔ እሳት አይበላውም እያልኩ ለሰው ልጅ ትራስ ሸጥኩ። ከዲጃ ብናኙን ስትተነፍስ ኖረች። ይኼን ስነግራት መቀሱን አስቀመጠችና እጇን አየች። ብዙ አየች። ከዚያ ስለኛ በኋላ እናስባለን፣ መጀመሪያ አራሷ አለች። እንዲህ ያለች ሴት ነው የሰጠኸኝ ጌታዬ፣ ይመስገን።

ልነግራቸው ሄድኩ። በር ላይ እትዬ ብርቄ ቆስጣ ይቀነጥሳሉ። ግባ ግባ አሉኝ። ሰናይት ሕፃኗን እያጠባች ነው። ምን ፈልገህ ነው ሲሉኝ፣ ጨው አልኩ። ጨው ተበድሬ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ጨው ሞልቷል።

ከዲጃ ጨዉን አየች፣ እኔን አየች። «አንተ ሰውዬ፣ ለሚኒባስ ረዳት ሁሉ ስትለፈልፍ ውለህ እዚያ ስትደርስ ምላስህ ጠፋ?» ስጦታው በስሜ ነው አልኳት። ደለሉ የይመር ነው ብዬ ከተማውን አዳርሻለሁ። ደግሞ ለአራስ የተሰጠ ነገር ይመለሳል እንዴ? ገፊ ነው ይላሉ፣ ለልጇ ክፉ ያመጣል ይላሉ። ታዲያ ይብሉት? አለችኝ። 

ሰማዩ በአምባሰል በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ ከወረደ አፈሩ ይበተናል፣ ሰብስቦ ማውጣት ቀረ ብላለች ሂሩት። ነገ። ያለ ጨው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ። ረፋድ

ነገርኳቸው።

እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ቀልድ አልነበረበትም፣ ለዚያ ይመስለኛል ሁለቱም ከመጀመሪያው ቃል ያመኑኝ። ስጨርስ ሰናይት ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀች። ሕፃኗ አለቀሰች። ያ ልቅሶ ከሁሉ የከፋው ነው።

ለሂሩት ስልክ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ መሃል ላይ አስቀመጥኩት። በፍጹም ማጥባት እንዳታቆሚ አለቻት፣ ከጡት የሚሻል ለልጅሽ የለም፤ መቆም ያለበት ዕንቁላሉ ነው። ጎመኑ ብዙም አይስበውም፣ አፈሩ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ እንዳይበላ ግን እሱንም ይተዉት። እስካሁን የበላሽው የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ዋናው አለመቀጠሉ ነው። ሰናይት ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች፣ ልክ እኛን እንደምትጠይቀን፣ መልሱ እስኪጠራ። ከዚያ ሕፃኗን መልሳ አቀፈች። ልቅሶው ቆመ። 

አፈሩ ይውጣ ስል ግን እትዬ ብርቄ እምቢ አሉ።

«አይወጣም! የአራስ በረከት ከቤቴ አይወጣም! ከተማው ምን ይለኛል? ብርቄ ስጦታ ተነጠቀች ይበሉኝ?»

በረከት ሳይሆን መርዝ ነው ያመጣሁልዎት፣ ይርገሙኝ አልኳቸው። አንተን ለመርገም ጊዜ አላጣም ዝም በል አሉኝ። ዶሮዎቼስ? ዶሮዎቹንም አይበሉም ስላቸው ተቀመጡ። ካገኟቸው ጀምሮ ስም አውጥተውላቸዋል፤ አንዷን የሚጠሯት ይመር ብለው ነው፣ ጩኸቷ ስለበዛ። ዛሬ ነው የነገሩኝ። በደህናው ቀን ቢሆን እኮራ ነበር።

ነገሩን የፈታችው መምህርቴ ናት። እናቷን በእርጋታ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ማንም አይነጥቀንም። በደቦ ነው የመጣው። በደቦ ይውጣ። ያመጡት ሰዎች እነሱ ራሳቸው ይሸኙት።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ጋሪውን የሚገፋው ይመር ነው፣ ብቻውን፣ አሉ። ይሁን አልኩ። እስኪያልቅ አንድም ቃል አላማርርም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ። ከአስር በኋላ

እጄ ብዕር አይይዝም፣ ግን እጽፋለሁ።

ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አልጠበቅኩም። ሂሩት ተራ በተራ አስረዳች፣ ሰው አዳመጠ፣ ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። የገዛሁትን ትራስ ምን ላድርገው ያሉ አሉ። ውስጡን እንዳትፈቱት፣ እንዳለ አምጡልኝ፣ በሌላ እለውጥላችኋለሁ አልኩ። በምን እንደምለውጥ ገና አላውቅም። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

ዝናቡ ሳይቀድመን ቆፈርን። አፍንጫችንን አስረን፣ አፈሩን እርጥብ እያደረግን፣ ብናኝ እንዳይነሳ፤ ሂሩት እንዲህ አድርጉ ብላ ነው። ጥቁሩን ሁሉ፣ ከሥሩም ትንሽ ጨምረን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላን። ቆስጣው ተነቀለ። ያን ሰው የሚያቅፍ ቆስጣ። እትዬ ብርቄ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ጋሪውን እኔ ገፋሁ። እንዳሉት ብቻዬን። ሽቅብ፣ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት ወደነበረው ጉድጓድ፣ ከውሃ የራቀ ነው፣ የቀበሌዋ የጤና ባለሙያ ፈቅዳ። ከታች ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ላስቲክ፣ ድንጋይ። የሚወሰድበት መላ እስኪገኝ እዚያ ይቆያል። የኔንም ቁርጥራጭ ስፖንጅ አብሬ አስሬ አስገባሁ። የመጨረሻዎቹ ከረጢቶች ላይ ሽቅቡ አቃተኝ። ጋሪው ቀለለኝ። ዞር ስል እትዬ ብርቄ ከኋላ ይገፋሉ።  ቀልድ ጣል አላደረግኩም፤ ለኔ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ ሼሁ ተናገሩ። በአባቶቻችን ጊዜ ቦዩ የሚያወርደው ፍግና ቅጠል ነበር፣ ያኔ በረከት ነበር፤ ዛሬ የሚያወርደውን አናውቅም። ከእንግዲህ የቦይ ደለል ጓሮ አይገባም። ለአራስ ሌላ እንፈልግ። ሁሉም አሜን አለ። ለአራስ ምን እንደሚሰጥ ክርክር ተነሳ፣ አላለቀም። ጥሩ ክርክር ነው።

ዶሮዎቹ አልታረዱም። ለብቻቸው ተከልለው ይቆዩ ተባለ፣ ሂሩት ዕንቁላላቸውን ትመረምራለች። ይመር የተባለችው ከአጥሩ ላይ ሆና ሰደበችን።

ሂሩት ዓሣም ወስዳለች፣ ከሐይቁ። ውጤቱ ገና ነው።  ታች መረብ የሚጥሉት ወንድሞቼ ናቸው። ቢጫው በረዶ ሁሉ የወረደው እዚያ ነው።

የሰናይት ጓሮ አሁን ጉድጓድ ነው። የሚሞላውን እኔ አመጣለሁ። ቃሌ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ። ከሰ.

ከአምባሰል ተመለስኩ። በሳቅ ልሞት ነው፣ ስማኝ።

ታላቅ ወንድሜ ያባታችንን ማሳ ያርሳል። አፈር ልወስድ መጣሁ ስለው ግንባሬን ዳበሰኝ፣ ትኩሳት እንዳለኝ። ነገሩን ነገርኩት። አላረፈም፣ በረት አጠገብ ያለውን የበሰለ ፍግ ቀላቅሎ ሞላልኝ። ሚስቱ ደግሞ የተሸለተ የበግ ጠጉር አንድ ማዳበሪያ ጨመረችልኝ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ነው የሚጣለው፣ ትራስ አትሞላበትም? ብላ። ቆሜ ቀረሁ። መልሱ ሜዳ ላይ ተጥሎ ነበር!

አውቶቡሱን ከግሸን የሚመለሱ ተሳላሚዎች ሞልተውታል። ማርያምን ሳሙ፣ ደክመዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ረዳቱ ምን ጭነህ ነው አለኝ። አፈር።  አንዲት እናት ጎንበስ ብለው «የግሸን አፈር ነው ልጄ?» አሉኝ። አይ እናቴ፣ ያባቴ ማሳ ነው፣ እኔም እስላም ነኝ አልኳቸው። ቢሆንስ፣ አምባሰል አይደለም እንዴ? አሉና ከማዳበሪያው ቆንጥረው በመሀረብ ቋጠሩ። ሌሎቹም ቆነጠሩ። ለአራስ ጓሮ እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ የቆነጠሩትን መለሱና ሁሉም ተነስተው መረቁልኝ። ረዳቱ አፈሩን በተሳፋሪ ሒሳብ ላስከፍልህ ነበር፣ አሁን ፈራሁ አለኝ።

ከመኪናው ወርጄ ቀጥታ እትዬ ብርቄ ጓሮ። ሰፈሩም ያቅሙን አምጥቶ ነበር፣ ከየማሳው፣ ማን ከማን እንደሆነ እስኪጠፋ ተቀላቅሏል። ቀይ፣ ቡናማ፣ አንዱ አሸዋ የበዛበት። አላመረም። ገና ሰኔ ነው።

ሰናይት ሕፃኗን ይዛ ወጣች። ልጅቷ አፈሩን አየች፣ እኔን አየች። ፈገግ አለች! ከዲጃ ሆዷ ነፍቶ ነው ትላለች። ከዲጃ ይበሏት።

ጌታዬ፣ ሁሉንም በስም ልጻፋቸው ፈለግሁ፣ ያመጡትን፣ የቆፈሩትን፣ ዝም ያሉልኝን። ገጽ አይበቃም። አንተ ታውቃቸዋለህ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ። ጠዋት

ዝናቡ ገባ። ቦዩ ሞልቶ ይሄዳል፣ ጥርት ያለ ባይሆንም ቢጫ የለበትም፤ በኔ በኩል የለበትም።

የበግ ጠጉር ትራስ ሠራሁ። በሙቅ ውሃ በገንዳ አጠብነው፣ እጣቢው ወደ ቦይ ሳይሆን ለብቻው ወደተቆፈረ ጉድጓድ። ከዲጃ አሁንም በግ በግ ይላል ትላለች። ደንበኛ በሕልሙ በግ ቢያይ ምን ይጎዳል? አራት ሰው አዘዘ። አንደኛው ሼሁ ናቸው። ገቢው የቀድሞውን ያህል አይሆንም፣ ልዋሽህ አልችልም። ጠጉሩ ያልቃል፣ ጥጥ ይወደዳል፣ ከዲጃ ልብስ ልታጥብ ነው ትላለች ለጊዜው። እንጃ። ይከብደኛል።

ለዚህ ነው ትላንት ሳንቃ ገዝቼ በቀለም የጻፍኩት፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር። በዕድሜዬ ለአደባባይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ። አላሳጠርኩም። ሁሉንም ዘረዘርኩ፦

«ያረጀ የመኪና ወንበር፣ ያረጀ ሶፋ፣ ያረጀ ስፖንጅ ከእንግዲህ አልቀበልም። ቦይ ውስጥ አይታጠብ። ምክንያቱን የሚፈልግ ይጠይቀኝ። ይመር።»

ሰናይት መጥታ አየችው። ስህተት አለበት ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። የለበትም አለች። ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ አየችው።

ጥሩንባ ይነፋል። ከደጅ አይሱዙ ቆሟል። ከኮምቦልቻ ነው፣ አሮጌ ወንበርና ሶፋ የሚያመላልስልኝ ሹፌር። የሆቴል ሶፋ ጭኗል፣ እስከ አናቱ፣ እንዲህ ያለ ጭነት በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ከዲጃ ውጣና ንገረው ትለኛለች።

በመስኮት አያለሁ። ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ሳንቃው ፊት ቆሟል። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ ያነባል። አላጣድፈውም። መጀመሪያ እሱ ይጨርስ።